የዓለም ሥነ ጽሑፍና የዓለም ገበያ፦ የንግግር ማሳመሪያ ነው ወይስ እውነተኛ ንግድ?

የማታ አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለንባብ ክበብ መወያያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ እ.ኤ.አ. በጥር 1827 ንግግሮቹን ይመዘግብለት ለነበረው ለኤከርማን የዓለም ሥነ ጽሑፍ ዘመን መድረሱን ነገረው። በ1848 ደግሞ ማርክስና ኤንግልስ በኮሙኒስት ማኒፌስቶ፣ ዓለም አቀፍ ገበያ አገሮችን ሲያስተሳስር ከየአገሩ ሥነ ጽሑፍ የዓለም ሥነ ጽሑፍ ይወጣል አሉ። ጎተ ስለ መጻሕፍት በንግድ ቋንቋ የሚያወራው ለማሳመር ነው ወይስ መጻሕፍቱን በእርግጥ ንግዱ ነው ያመጣለት? አንድ የአማርኛ ልብ ወለድስ ወደዚያ ገበያ የሚገባው በየት በኩል ነው?

ድርሳን፦
ማሳመሪያ ብቻ አይደለም። ጎተ ያነበባቸውን መጻሕፍት ማን እንዳመጣቸው ብትከታተል መልሱን ታገኘዋለህ።

ለኤከርማን በነገረው ቀን ጎተ ያወራው ስለ አንድ የቻይና ልብ ወለድ ነው። የትኛው እንደሆነ ምሁራን ይከራከሩበታል። ከዚያ በፊት በጀርመንኛ ያወቀው አንዱ ግን ቶማስ ፐርሲ በ1761 ለንደን ላይ ያሳተመው ነው። ረቂቁ የተገኘው በቻይናዋ ወደብ በካንቶን ይነግድ ከነበረው ከእንግሊዛዊው ጄምስ ዊልኪንሰን ወረቀቶች መሃል ነበር። ሦስት አራተኛው በእንግሊዝኛ፣ የቀረው በፖርቱጋልኛ ተጽፎ ነበር፤ በዚያ ዘመን በደቡብ ቻይና ወደቦች ነጋዴው የሚግባባው በፖርቱጋልኛ ነበርና። ጎተ በየካቲት 1827 ያነበበውን ሌላ የቻይና የግጥም ታሪክ የተረጎመው ፒተር ፔሪንግ ቶምስም በደቡብ ቻይና ወደብ በማካው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት የሆነው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ አታሚ ነው። ሻኩንተላ የተባለውን ጥንታዊ የሕንድ ተውኔት ከሳንስክሪት ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ዊሊያም ጆንስ ደግሞ ሕንድ ውስጥ ካልካታ የተሾመ ዳኛ ነበር፤ ጀርመኖች በ1791 ያገኙት ከእንግሊዝኛው ተተርጉሞ ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው የሒሳቡን ጉዳይ ነው። ጎተ በእነዚያ ዓመታት የሥራዎቹን የመጨረሻ እትም እያዘጋጀ ነበር። ጀርመን በ39 መንግሥታት ተከፋፍላ ስለነበር በአንዱ የታተመው በሌላው ያለ ፈቃድ ይባዛል። እሱም ከሁሉም መከላከያ ፈቃድ እስኪያገኝ ደጅ ጠና፤ አሳታሚው ኮታ ለእትሙ 60,000 ታለር (የዘመኑ የጀርመን ብር) ሊከፍል ተዋዋለ። ንግድ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ቀለም ቀንድ፦
በመረጃው እስማማለሁ። ነገር ግን ንግድ መንገድ ይከፍታል እንጂ በመንገዱ ማን እንደሚያልፍ አይመርጥም። የቡድሃ ሕይወት ታሪክ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስ፣ በዐረብኛ፣ በጆርጂያኛና በግሪክኛ አልፎ የክርስቲያን ቅዱሳን ታሪክ ሆኗል። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1553፤ እሱ ራሱ የየመን ተወላጅ ነው። ታሪኩ ነጋዴ በሚሄድበት መስመር ተጓዘ፤ የመረጡትና ለሃይማኖታቸው ያመቻቹት ግን መነኮሳት ናቸው። (ደግሞ በታሪኩ ውስጥ መምህሩ በረላም ወደ ልዑሉ የሚገባው የከበረ ድንጋይ ሻጭ መስሎ ነው!)

ስለ ማርክስ፦ ገበያው አንድ ይሆናል ሲባል እኩል ይሆናል ማለት አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ፍራንኮ ሞሬቲ እ.ኤ.አ. በ2000፣ የዓለምን ኢኮኖሚ እንደ አንድ ሥርዓት ካጠናው ከዎለርስታይን ተውሶ የዓለም ሥነ ጽሑፍን ሥርዓት «አንድ ግን እኩል ያልሆነ» ብሎታል። ለክበብህ ከጎተ ይልቅ እሱን ብታነሣ ክርክሩ ይሞቃል።

የውል ጉዳይ፦
እኔ ወደ ተግባሩ ልምጣ። መጀመሪያ መብቱ የማን እንደሆነ ይጣራ። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ (ከሥራው ገቢ የማግኘት መብት) በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል፤ የመተርጎም መብትም ከማባዛት መብት የተለየ ነው። አዲስ አበባ ላይ መጽሐፉን ያተመው ሰው ውሉ ውስጥ ካልተጻፈለት ትርጉሙን መሸጥ አይችልም። ደራሲው ካረፈ ወራሾቹ በሙሉ ይፈርሙ ወይም ለአንዳቸው ውክልና ይስጡ። አንዱ ፈርሞ ሌላው ከተቃወመ የውጭ አሳታሚ ለመዳኘት አይቀመጥም፣ ትቶት ይሄዳል።

የውጭው አርታኢ አማርኛ ስለማያነብ የሚፈርደው በናሙና ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ከ20 እስከ 30 ገጽ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ የታሪኩን ፍጻሜ ሳይደብቅ የሚናገር የሁለት ገጽ ማጠቃለያ፣ አንድ ገጽ ስለ ደራሲውና ስለ እትሞቹ ይበቃል። በናሙናው ላይ ገንዘብ መቆጠብ መጽሐፉን መግደል ነው። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሲያነብ የኖረ ሰው ያላረመው ናሙና፣ ዋናው ምንም ያህል ቢያምር፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ይዘጋል። በጥድፊያ የተተረጎመውን በራስ ወጪ ኢንተርኔት ላይ መሸጥም ያሰናክላል፤ አሳታሚው የእንግሊዝኛው መብት ተነክቷል ይላል።

ክፍያን በተመለከተ፣ የደራሲውን መብት የሚሸጥ ወኪል ከውጭ ሽያጭ 20 በመቶ መውሰዱ የተለመደ ነው፤ እዚያ ካለው ተባባሪ ወኪል ጋር ይካፈለዋል። ለወረቀት ሽፋን እትም የደራሲው ድርሻ ከመሸጫ ዋጋው 7.5 በመቶ አካባቢ ሲሆን ተርጓሚው ድርሻ ካለው ሊቀንስ ይችላል። ቅድመ ክፍያው ከዚሁ ይቆረጣል እንጂ ጭማሪ አይደለም። «የዓለም መብት በሁሉም ቋንቋዎች» የሚል አንቀጽ ካለ አትፈርሙ፤ ፈረንሳይኛውም ጀርመንኛውም በአንድ ፊርማ ይሄዳል። እንግሊዝኛውን ብቻ፣ ለተወሰነ ዓመት፣ መጽሐፉ ከገበያ ሲጠፋ መብቱ እንዲመለስ አድርጋችሁ ስጡ።

ጊዜው ሩቅ እንደሆነ ለማየት፦ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ፣ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ትርጉም በእንግሊዝኛ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው።

የማታ አንባቢ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፍራንክፈርት የመጻሕፍት ትርኢት ድረስ ሄዶ አሳታሚ ማነጋገርስ ያዋጣል?

የውል ጉዳይ፦
ያለ ቀጠሮ አያዋጣም። ትርኢቱ በጥቅምት አካባቢ ነው፤ የመብት ሻጮችና ገዢዎች የሚገናኙት ከወራት በፊት በተያዘ የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ነው። በየዳሱ እየዞሩ መጽሐፍ ማደል ፋይዳ የለውም፣ አርታኢዎቹ ሻንጣቸው ውስጥ አይከቱትም። ናሙናው ገና ካልተዘጋጀ የአውሮፕላን ትኬቱን ገንዘብ ለተርጓሚ ክፈሉበት።