የቦይለሩ ፓምፕ ሙቅ ውሃ ሲገባው ይጮኻል፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ አዲስ የምግብ ፋብሪካ ሥራ ልናስጀምር ነው፤ ማስጀመሪያውን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ተከላው አልቆ ተፈራርመናል። በቀዝቃዛ ውሃ ስንሞክረው ሁሉም ሰላም ነበር።

ችግሩ የመጣው እንፋሎት ስንጀምር ነው። የመጋቢው ታንከር ውሃ 85 ዲግሪ ሲደርስ፣ ከታንከሩ ወደ ቦይለሩ (እንፋሎት ማመንጫው) ውሃ የሚገፋው መጋቢ ፓምፕ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይጮኻል። የግፊት መለኪያው መርፌ ይንቀጠቀጣል፤ ቦይለሩም ውሃ አንሶት ይቆማል። ውሃውን ወደ 60 ስናወርደው ጸጥ ይላል።

እኔ የምጠረጥረው ከፍታውን ነው። ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል 10.3 ሜትር ውሃ የሚሸከም ሲሆን፣ እዚህ 7.3 ቢሆን ነው። ስለዚህ ሙቁ ውሃ ፓምፑ መግቢያ ላይ እየፈላ አረፋ የሚሠራ ይመስለኛል። አቅራቢው ግን «ፓምፑ ጤነኛ ነው» ብሎ ድርቅ ብሏል።

ውሃውን አቀዝቅዞ መቀጠሉን ልቤ አልወደደውም። ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ውስጥ የሚቀረው ኦክስጅን ቦይለሩን ያዝገዋል፤ ነዳጁም ይጨምራል። ታንከሩን ከፍ አድርጎ መስቀል ይሻላል ወይስ ፓምፑን መቀየር? የፋብሪካውን የአቅም ፍተሻስ ጨርሶ ላቁመው ወይስ እንፋሎት የማይፈልጉትን መስመሮች ለብቻ ላስኬድ? ደጋ ላይ ቦይለር ያስነሳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሠልጥነው የጨረሱት ኦፕሬተሮች እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጣቸው በጣም ያሳስበኛል።