ውጤት እስኪመጣ በምን ልቻለው?

ሰላም ወገኖች። ጠዋት ስነሳ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች አልታጠፍ ይሉኛል። እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሐኪሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ሊሆን ይችላል ብሎ የደም ምርመራ አዘዘ። አርኤፍ የሚባለው፣ ከዚህ በሽታ ጋር የሚያያዘው የደም ምልክት፣ ፖዘቲቭ ሆነ። ግን ጤነኛ ሰው ላይም ስለሚገኝ እሱ ብቻውን አይበቃም አለኝ። ለዚሁ በሽታ የሚታየው ሌላው የደም ምርመራ፣ የአንቲ ሲሲፒ ውጤት፣ አልደረሰም፤ የሩማቶሎጂስቱም (የመገጣጠሚያ በሽታ ስፔሻሊስቱ) ቀጠሮ ገና ነው።

እናቴ "ብርድ ነው" ብላ በቅባት ታሸኛለች (ደስ ይበላት ብዬ እሺ ብያለሁ)። እኔን የገደለኝ ሌሊቱ ነው። የተጣመሙ ጣቶች ፎቶ ስልኬ ላይ ሳይ አድራለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጄ እንጀራዬ ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር መገጣጠሚያን ከጉዳት ይጠብቃል ሲባል ደግሞ መዘግየቱ ራሱ ያስጨንቀኛል።

በዚህ ያለፋችሁ፣ ጥበቃውን እንዴት ቻላችሁት? ለቀጠሮውስ ምን ምን መዝግቤ ልሂድ?