ክርክር፦ ለሴፕሲስ ሕመምተኛ ላሲክስ መስጠት አሁን ይለመድ ወይስ ይቆይ?

አወያይ፦ በሴፕሲስ፣ ማለትም ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የራሱን አካላት በሚጎዳበት ሕመም፣ የታመሙ ሰዎችን መዝገብ ወደኋላ ሄደው ካጠኑ ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ፣ ላሲክስ ማለትም ፉሮሴማይድ የተባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ በብዛት ተርፈዋል ይላሉ። ይህ በቂ ነው?

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ፦ ለእኔ በቂ ነው። የሴፕሲስ ሕክምና መመሪያው በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ይላል፤ ለ70 ኪሎ ሰው 2.1 ሊትር መሆኑ ነው። መድኃኒት የሚበጠበጥበትን ፈሳሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም አይደምረውም። በአራተኛው ቀን ቅልጥሙን በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እንዳለ ይቀራል።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ እህቴ፣ እብጠቱን አልካድኩም፤ መዝገቡን ነው የማላምነው። በመጀመሪያው ሌሊት የሞተ ሰው ላሲክስ አይደርሰውም። የደም ግፊቱ ለወረደም ሐኪም መስጠት አይደፍርም። በሦስተኛው ቀን የተሰጠው ሰው ቀድሞውኑ ሦስት ቀን ኖሯል። መድኃኒቱ አተረፈው ወይስ ስለተረፈ ደረሰው?

ሐኪም፦ በዕጣ የተደለደለ ሙከራም አለ። በ2006 የወጣው ፋክት የተባለው ጥናት ሳንባቸው በድንገት የተጎዳ 1000 ሰዎችን ይዟል፤ ብዙዎቹ ለዚያ የበቁት በሳንባ ምች ወይም በሴፕሲስ ነው። ፈሳሽ ተቆጥቦላቸው ላሲክስ የተሰጣቸው በ28 ቀናት ውስጥ 14.6 ቀን ያለመተንፈሻ መሣሪያ ቆዩ፤ ሌሎቹ 12.1። በሞት ላይ ግን የተረጋገጠ ልዩነት አልታየም። ልብ በሉ፣ ግፊቱ በወረደበት ሰዓት ላሲክስ አይሰጥም ነበር።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ በ2022 የታተመው ክላሲክ የተባለው ሙከራ ደግሞ ከ1500 በላይ ሕመምተኞችን ይዞ ፈሳሽ መቆጠብን ፈትኗል። በ90 ቀን የሞቱት፣ ፈሳሽ ከተቆጠበላቸው 42.3 በመቶ፣ እንደተለመደው ከተሰጣቸው 42.1 በመቶ ነው፤ አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ነርሷ፦ አለመጨመርና የገባውን ማውጣት ለየቅል ናቸው! ያ ሙከራ የፈተነው የመጀመሪያውን ነው።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ እዚህ ላይ ረታሽኝ። ግን ፈሳሽ መስጠት እንደሚጠቅምም እርግጠኞች ነበርን። በ2011 በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛኒያ በጽኑ ትኩሳት የታመሙ ከ3000 በላይ ሕፃናት ሲጠኑ፣ ፈሳሽ በፍጥነት የተሰጣቸው በ48 ሰዓት ውስጥ በብዛት ሞቱ።

ሐኪም፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ላሲክስ ኩላሊት ጨውን መልሶ እንዳይመጥ ያግዳል እንጂ ኩላሊትን አይፈውስም። ከረጢቱ ሽንት ሞላ ብሎ የሚደሰት ሐኪም አይቻለሁ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ግፊቱ ለተረጋጋና ላበጠ ሰው እሰጣለሁ፤ ለሴፕሲስ መድኃኒት ነው ብዬ ግን አልጽፍም።

ነርሷ፦ እስማማለሁ፣ ዶክተር። እስከዚያው ግን የመበጥበጫው ፈሳሽም በቅጹ ላይ ይመዝገብልኝ።