4.9 ኒውተን ሜትርን በሽንኩርት ሚዛን መለካት ይቻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ በፈረንጅ 1994 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሞተሯ ፎር ኤ ኤፍ ኢ። ኮፓዋ (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር መገጣጠሚያውን የሚደፍነውን ሲሊኮን ራሴ ልቀይር ብዬ የጥገና ማኑዋሏን ይዤ ገባሁበት።

ማኑዋሉ አንድ ቡሎን ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት በሦስት ቁጥር ይሰጣል። መጀመሪያ ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ በቅንፍ ኪሎግራም ሴንቲሜትር፣ መጨረሻ ላይ ፓውንድ። ለኮፓው የተጻፈው 4.9፣ 50 እና 43 ነው። የተዋስኩት ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ መፍቻ) የሚያነበው በፉት ፓውንድ ብቻ ስለሆነ 43 ላይ ሞልቼ ማጥበቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቡሎን ቀጭ ብሎ ተቆረጠ።

ለካ 43ቱ ኢንች ፓውንድ ኖሯል! ትልልቆቹ በፉት፣ ትንንሾቹ በኢንች ነው የተጻፉት። የጎማው ዳዶ 76 ፉት ፓውንድ ስለሚል ሁሉም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። 12 እጥፍ ላጠብቀው ነበር ማለት ነው።

ስባሪውን አውጥቼ አዲስ ቡሎን ገዝቻለሁ። አሁን ችግሩ ቶርክ ሬንቹ የሚጀምረው ከ10 ፉት ፓውንድ ነው፤ እኔ የምፈልገው 3.6 ገደማ። ሌላ ሬንች የሚያውሰኝ ሰው አላገኘሁም። መካኒኩ ጎረቤቴ «በእጅህ ስሜት አጥብቀው» ይላል፤ የእሱ እጅ ሌላ፣ የእኔ እጅ ሌላ።

50 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ማለት ከቡሎኑ መሃል 10 ሴንቲሜትር ርቆ በ5 ኪሎ መሳብ ነው ብዬ አሰብኩ። ታዲያ ቺያቤው (ተራው የቡሎን መፍቻ) ላይ 10 ሴንቲሜትር ለክቼ፣ ተንጠልጣይ የሽንኩርት ሚዛን አስሬ፣ በ90 ዲግሪ 5 ኪሎ እስኪያሳይ ብስበው ለኮፓ ቡሎን የሚበቃ ትክክለኛ ልክ ይሰጠኛል?