የአፍሮዲቴ ቦታ የት ነው? ለንደን ወይስ አቴንስ?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ! የዛሬው ክርክራችን፦ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት የፓርተኖን እንስት አማልክት ወደ አቴንስ ይመለሱ ወይስ ባሉበት ይቆዩ? ለማታውቁ፣ ፓርተኖን አቴንስ ያለ፣ የጥንት ግሪኮች የጥበብ አምላክ የአቴና ቤተ መቅደስ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ ከጣሪያው ሥር፣ አቴና ከአማልክት ንጉሥ ከዜውስ ራስ ስትወለድ የሚያሳዩ ሐውልቶች ነበሩ። ሎርድ ኤልጊን የሚባል የእንግሊዝ አምባሳደር ከ1801 ጀምሮ ብዙዎቹን አስወሰደ። በ1816 ፓርላማው በ35,000 ፓውንድ ገዛቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በሉ እንግዲህ።

የለንደኑ፦ ይቆዩ ባይ ነኝ። እዚሁ ነው የምኖረው፤ በነጻ ገብቼ ስንቴ አይቻቸዋለሁ። አፍሮዲቴ፣ የፍቅር አምላኳ፣ ናት የሚሏት እናቷ ጭን ላይ ጋደም ብላለች። ራሷ የለም። ልብሷን ግን እዩት! ውሃ የነካው ነጠላ ነው የሚመስለው፤ ከአንድ ትከሻዋ ሸርተት ብሏል። ዞር ስትሉ ጀርባዋም በደንብ ተጠርቧል። ድሮ እዚያ ከፍታ ላይ እያለች ያንን ማን ያይላት ነበር?

የታሪክ ተማሪ፦ ወንድሜ፣ ስላማረችህ ያንተ አትሆንም። ኤልጊን ፈቃድ አገኘሁ ያለው ያኔ አቴንስን ከያዙት ኦቶማን ቱርኮች ነው። ዋናው ወረቀትም አልተገኘም፤ ያለው የጣልያንኛ ትርጉም ብቻ ነው። ቤቴን በጉልበት የያዘ ሰው መስኮቴን ነቅሎ ቢሰጥህ ትወስዳለህ?

የለንደኑ፦ እዚያ ቢቀሩስ? በ1687 ኦቶማኖች ባሩድ አከማችተውበት፣ ቬኒሶች በመድፍ ሲመቱት ቤተ መቅደሱ ፈነዳ እኮ።

የታሪክ ተማሪ፦ የለንደን ጠባቂዎችም በ1930ዎቹ እናነጣለን ብለው በመዳብ መሣሪያ ፍቀዋቸዋል። ይሄን ለምን ዘለልከው?

አዲስ አበቤዋ፦ እኔ መቅደላን ሳላነሳ አላልፍም። 11 ታቦታት እዚያው ሙዚየም ናቸው፤ አብዛኞቹ በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ። ለሕዝብ አይታዩም። ይመለሱ ሲባል መልሱ ያው ሙዚየሙ ንብረቱን እንዳይሰጥ የሚከለክለው የ1963 ሕግ ነው።

የለንደኑ፦ እሱ ይለያል እህቴ። ታቦት ዛሬም ይቀደስበታል። አቴናን ዛሬ ማን ያመልካታል?

አዲስ አበቤዋ፦ አምልኮውን ተወው። ሙዚየም የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከሙሳዎች ነው፤ ከዘጠኙ የጥበብ አማልክት። አባታቸው ዜውስ፣ እናታቸው ምኔሞሲኔ። የእናትየዋ ስም ትርጉሙ ትዝታ ነው! በትዝታ ልጆች ስም ቤት ሠርቶ የሰው ትዝታ ማገት ምን የሚሉት ነገር ነው?

የታሪክ ተማሪ፦ 👏 የኤሬክቴዮንን ልጃገረዶችም አስቡ፤ ከፓርተኖን አጠገብ ባለው ቤተ መቅደስ ምሰሶ የሆኑትን ሐውልቶች። ስድስት ሆነው ጣሪያ በራሳቸው ተሸክመው ነበር። አንዷን ኤልጊን ወሰዳት። በ2009 የተከፈተው የአክሮፖሊስ ሙዚየም አምስቱን አቁሞ የእሷን ቦታ ባዶ ትቶታል።

የለንደኑ፦ እሺ፣ እሷ እህቶቿ ጋ ትሂድ። በአፍሮዲቴ ግን አልደራደርም። ደግሞ አቴንስ ውስጥ ቅጂዋ አለላቸው አይደል?

አዲስ አበቤዋ፦ አለ፤ ነጭ ጄሶ ነው። ቅጂ ይበቃል ካልክ አንተ እሱን ውሰድ።