ኮሮላ 1.8 ላይ ስፖርት ካታላይዘር፦ ባለ 200 ሴል ወይስ ባለ 400?

የአዳማ ኮሮላ፦

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናው የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ 1ዜድ ዜድ-ኤፍ ኢ፣ 1.8 ሊትር፣ ካምቢዮው ማኑዋል። ካታላይዘሩ (የጭስ ማጽጃው) ከዓመታት በፊት ተቆርጦ ወጥቶ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ ተበይዷል። ቼክ ኢንጂን አይጠፋም፣ ኮዱ ፒ0420 (ካታላይዘሩ በደንብ አያጸዳም የሚል) ነው። ቆሞ ሲሠራ የጭሱ ሽታ ውስጥ ድረስ ይገባል፣ 3000 ዙር አካባቢ ደግሞ ከወለሉ ሥር ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት አለ። ዘይት በ1000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል ይጨመርበታል።

አዳማ መለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ባለ 200 ሴል የብረት፣ መግቢያና መውጫው 2.5 ኢንች፣ «ስፖርት» የሚል የተጻፈበት። ሁለተኛው ባለ 400 ሴል ሴራሚክ፣ 2 ኢንች። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የትኛው ይሻላል? ጉልበት ይጨምራል የሚባለውስ እውነት ነው? ማርሚታ ቤት ሲገጠም ምን ምን መጠንቀቅ አለብኝ?

ካንዴላ፦

ሰላም ወንድሜ። ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር፦ በ1000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ 200 ገዛህ 400 ገዛህ ገንዘብህን ነው የምታቃጥለው። ዘይት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ፎስፈረስና ዚንክ የማር እንጀራ በሚመስለው ውስጠኛ ክፍል ግድግዳ ላይ እንደ ልስን ይለጠፋል። ሥራውን የሚሠሩት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ከልስኑ ሥር ተቀብረው ይቀራሉ። ታንከር ውስጥ የሚጨመር ማጠቢያ ፈሳሽም አያስለቅቀውም።

ይህ ሞተር ዘይት በመብላት የታወቀ ነው። ከ2005 በፊት በተሠሩት ላይ የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ ካርቦን ይደፍናቸዋል፣ ከዚያ የዘይት ፋሻው (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) ይጣበቃል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን ቀይሮታል። ፋሻ የሚቀይር መካኒክ ካገኘህ አዲሱን ፒስተን አብሮ ማስገባት ነው የሚያዋጣው፤ በአሮጌው ፒስተን ላይ አዲስ ፋሻ ማስገባት ችግሩን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው።

ኮምፕሬሽን ስታስለካ ሁለት ነገር ልብ በል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 ሜትር ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ18 በመቶ ገደማ ያንሳል፣ ስለዚህ ጌጁ የጥገና መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ዝቅ ብሎ ያነባል። በዚያ ብቻ ሞተሩ አለቀ አትበል፤ ይልቅ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ባር እንዳይበልጥ እይ። ሁለተኛው፣ የዘይት ፋሻ ብቻ ሲጣበቅ ኮምፕሬሽን ላይ አይታይም። ካንዴላውን ፍታና ጥርሱን እይ፤ በዘይት ከራሰ መልሱን አገኘህ ማለት ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ሞተሩ ሞቆም በጉዞ ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ያለማቋረጥ ካጨሰ ግን ፋሻውን ጠርጥር።

ሚስ የሚያደርግ (በትክክል የማያቃጥል) ሲሊንደር ካለ ደግሞ ከዘይቱ ይብሳል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፤ ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሲያልፍ ሽፋኑ ይሞታል፣ ወደ 1400 ሲጠጋ ደግሞ ሴራሚኩ ራሱ ቀልጦ ይዘጋል። ኮይሎቹንና ካንዴላውን አስቀድመህ ጨርስ፤ የዚህ ሞተር የካንዴላ ክፍተት 1.1 ሚሊሜትር ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ሴል ማለት በአንድ ስኩዌር ኢንች ፊት ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ቁጥር ነው። ቀዳዳው ሲበዛ ጭሱ የሚነካው ግድግዳ ይበዛል፣ ጽዳቱም ይሻላል፤ ሲያንስ ጭሱ በቀላሉ ያልፋል፣ ግን ብዙው ሳይጸዳ ይወጣል። ባለ 200 የተሠራው ብዙ ጭስ በከፍተኛ ፍጥነት ለሚገፋ፣ በተለይ ቱርቦ ላለው ሞተር ነው። 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ ላለው 1.8 ግን ትርፉ በመሪው ላይ የሚታወቅ አይደለም። አዳማ ላይ ሞተርህ የሚያጣው ጉልበት ከአየሩ መሳሳት የመጣ ነው፣ ያንን ደግሞ የትኛውም ማርሚታ አይመልስም።

2.5 ኢንቹንም ተወው። የኮሮላህ ቱቦ ወደ 2 ኢንች ገደማ ነው። ከጠባብ ወደ ሰፊ፣ ከሰፊ እንደገና ወደ ጠባብ የሚሄድ ጭስ ፍጥነት አያገኝም፤ ድምፁ ግን ይጨምራል፣ አንተ ደግሞ ጩኸት ለማጥፋት ነው የምትደክመው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ባለ 400 ነው። ባለ 400 የብረት ካገኘህ ከሁሉም ይበልጣል፦ የብረቱ ቅጠል ውፍረት 0.05 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን የሴራሚኩ ግድግዳ ግን ወደ 0.15 ይጠጋል፤ በዚያው የሴል ቁጥር ጭሱ የሚያልፍበት ቦታ ይሰፋል። ቶሎ ይሞቃል፣ ድንጋይ ሲመታውም አይሰነጠቅም። ካላገኘህ ሴራሚኩን ያለ ቅሬታ ግዛ።

ሱቅ ውስጥ እያለህ በአንድ በኩል የስልክህን መብራት አብራና በሌላው በኩል ተመልከት። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ክፍት መሆን አለባቸው። ከዚያ ቀለሙን እይ፦ ሽፋን የተቀባ ውስጥ የደበዘዘ፣ ወደ ቡና ወይም ወደ ግራጫ የሚያደላ ነው፣ በጣት ሲነካም ይሻክራል። እንደ አዲስ ጣሳ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ባዶ ብረት ነው፤ «ስፖርት» ተብሎ ቢጻፍበትም ምንም አያጸዳም። ማግኔት ይዘህ ብትሄድ ጥሩ ነው። የውጩ ቆርቆሮ 304 ስቴንለስ ነው ካሉህ ማግኔት መሳብ የለበትም። ቢስብ 409 ሊሆን ይችላል፤ ላዩ ይዝጋል እንጂ ለዚህ ሥራ መጥፎ አይደለም፣ በ304 ዋጋ ግን አትግዛው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 103 ማረጋገጫ የተቀረጸበት ካገኘህ እሱን አስቀድም፤ ለምትክ ካታላይዘር የወጣው ደንብ እሱ ነው።

የአዳማ ኮሮላ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካንዴላ ቁጥር 3 ጥርሱ በዘይት የራሰ ነው፣ ሌሎቹ ደረቅ ናቸው። ሌላ ጥያቄ፦ ባለ 200 ብገጥምም የኋላውን (ከካታላይዘሩ በኋላ ያለውን) የኦክስጅን ሴንሰር በረጅም ዳዶ ከቱቦው በማራቅ ኮዱን ማጥፋት ይቻላል ይባላል። ምን ትላላችሁ?

ስካነር፦

ይቻላል፣ ግን የምትደብቀው ከራስህ ነው። የኋላው ሴንሰር ዋና ሥራ ካታላይዘሩ መሥራቱን መመስከር ነው። ምስክሩን ካራቅከው ነገ ካታላይዘሩ ሲሞት ወይም ሲዘጋ የሚነግርህ አይኖርም፤ ጭሱንም የአዳማ ሕዝብ ይተነፍሰዋል። ነቅሎ መተው ደግሞ ሌላ ኮድ ያመጣል፣ ፒ0136 ወይም ፒ0141።

ከገጠምክ በኋላ በርካሽ ስካነርም ማረጋገጥ ትችላለህ። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ 2500 ዙር ላይ ለ3 ደቂቃ ያዝ። የፊተኛው ሴንሰር ተራው ዓይነት ከሆነ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየወጣ ይወርዳል። የኋላው 0.6 እስከ 0.7 ቮልት አካባቢ ረጋ ብሎ ከቆመ ካታላይዘሩ ይሠራል። የፊተኛውን እየተከተለ አብሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ወይ ካታላይዘሩ አይሠራም፣ ወይ ብየዳው አየር ያስገባል። የፊተኛው ኤር ፊዩል (የአየርና የቤንዚን ምጣኔ የሚለካ) ዓይነት ከሆነ በቶዮታ ስካነር ላይ 3.3 ቮልት አካባቢ ስለሚቆም፣ «አልተወዛወዘም፣ ተበላሽቷል» ብለህ እንዳትቀይረው።

ስካነሩ ላይ የነዳጅ ማስተካከያውንም (ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን ቤንዚን በመቶኛ) እይ። የአጭርና የረጅም ጊዜው ተደምሮ ከዜሮ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ከ10 በመቶ በላይ ከራቀ ካታላይዘር ለመግጠም ጊዜው ገና ነው። ከፊት ሴንሰሩ በፊት ያለች ትንሽ ቀዳዳ አየር ትስባለች፤ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያነሰ መስሎት ይጨምራል፣ ትርፉ ቤንዚን ካታላይዘሩን ያሞቀዋል። አዲስ ካታላይዘር በወራት ውስጥ ሲሞት ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማኒፎልዱ (ጭሱ ከሞተሩ የሚወጣበት ቱቦ) ጓርኒሲዮን ሆኖ ይገኛል።

ኮዱን ካጠፋህ በኋላ መብራቱ ስላልበራ ብቻ ተስተካከለ አትበል። ፒ0420 በሁለት ጉዞ ላይ ስህተቱ ሲደገም ነው መብራት የሚያበራው። ከአዳማ ሞጆ በፈጣን መንገዱ ደርሰህ ተመለስ፣ ፍጥነትህን 80 አካባቢ ያለ መዋዠቅ ይዘህ፤ ከዚያ ስካነሩ ላይ የካታሊስት ምርመራው «ተጠናቋል» ማለቱን አረጋግጥ።

በያጁ፦

ልጄ፣ ስለ መግጠሙ እኔ ልንገርህ። ሥራው የሚበላሸው ብየዳው ላይ ሳይሆን ልኩ ላይ ነው። ቱቦውን በካሊፐር ለካ፤ የካታላይዘሩ አንገት የውስጥ ስፋት ከቱቦው የውጭ ስፋት ከ1 ሚሊሜትር በላይ መስፋት የለበትም። ሰፊውን ክፍተት በብየዳ መሙላት ይቻላል፣ ግን ያ ብየዳ ክረምት ሳያልፍ ይሰነጠቃል።

ከዋዜማው የሴንሰሮቹን ጥርስ ደብሊው ዲ-40 (የዛገ ብሎን ማላቀቂያ) ንፋበት። በማግስቱ ሞተሩ ለብ ሲል በ22 ቁልፍ ፍታ፤ በግድ ከሆነ ጥርሱን ይዞት ይወጣል። በፍላንጅ፣ በሁለት ዳዶ የሚታሰርም ዓይነት አለ። ሴንሰር ተገጥሞ እያለ በፍጹም አይበየድም። የባትሪውን ኔጌቲቭ አስፈታ፤ የብየዳው መሬት ገመድ ሞተሩ ላይ ሳይሆን እዚያው የሚበየደው ቱቦ ላይ ይታሰር።

ካታላይዘሩ ድሮ ፋብሪካው ባስቀመጠበት ቦታ ይግባ። «ለመበየድ ይመቻል» ተብሎ ወደ ኋላ አንድ ሜትር ከተጎተተ ጭሱ ቀዝቅዞ ይደርስለታል። ካታላይዘር ሥራ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት የሚሄድ መኪና ላይ ሳይሞቅ ነው የምትደርሰው። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ኋላ፣ ወደ ማርሚታው ያመልክት።

የማርሚታ ቤቱ በያጅ መኪናው ላይ አራት ቦታ ብቻ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይያዘው፤ የማንጠልጠያ ጎማዎቹ ሁሉ በቦታቸው ሆነው፣ ቱቦው ሳይጎተት። ከዚያ ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ይበየድ። መኪናው ሥር ተኝቶ የተበየደ የላይኛው ጎን አይታይም፣ ሁልጊዜም የሚያፈሰው እሱ ነው። ሲበየድ የካታላይዘሩ አንገት ወደ ታች ይዙር፣ ዝቃጩ ቀዳዳዎቹ ውስጥ እንዳይወድቅ። ኤሌክትሮዱ 309ኤል ይሁን፣ ስቴንለስን ከተራ ብረት የሚያገናኝ እሱ ነው። በተለመደው 6013 ከተበየደ ይይዛል፣ ቆይቶ ግን ዳር ዳሩን ይሰነጠቃል። ቱቦው 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ 2 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ካለ እሱን፤ በ2.5 ከሆነ ከ60 አምፔር አይለፍ። ሁለት ሁለት ሴንቲ እያደረጉ ተቃራኒ ጎን መሄድ ነው፣ አለበለዚያ ይጣመማል።

አዲስ የሴንሰር ዳዶ ካስፈለገ ጥርሱ 18 በ1.5 ነው። በቱቦው የላይኛው ግማሽ ላይ፣ ከአግድሙ ቢያንስ 10 ዲግሪ ወደ ላይ አዘንብሎ ይበየድ። ወደ ታች ከዞረ ጠዋት ቱቦው ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ የጋለውን ሴንሰር ይሰነጥቀዋል። ሲመለስ ጥርሱ ላይ ብቻ ትንሽ የመዳብ ግሪስ፣ ጫፉን ሳይነካ፤ ጥብቀቱ ከ40 እስከ 45 ኒውተን ሜትር። ማጣበቂያ ሲሊኮን አጠገቡ አታድርስ፣ ሴንሰሩን ይመርዘዋል።

ከማኒፎልዱ በታች ስፕሪንግ ያላቸው ሁለት ብሎኖችና ክብ ጓርኒሲዮን አሉ። ጓርኒሲዮኑን አዲስ አድርግ፣ ስፕሪንጎቹን ግን መልሰህ ግጠማቸው። ሞተሩ ሲወዛወዝ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው፤ በተራ ብሎን ጥብቅ ሲደረግ ሸክሙ ማኒፎልዱ ላይ ያርፍና እሱ ይሰነጠቃል።

ሲያልቅ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የኮምፕረሰር አየር በትንሽ ግፊት በማርሚታው ጫፍ አስገባ፣ ብየዳዎቹ ላይ የሳሙና አረፋ ቀባ። አረፋ የምትነፋ ቦታ ካለች አሁኑኑ ትበየድ። መጀመሪያ ሲነሳ በሚኒሞ እስኪሞቅ ይተው፤ ትንሽ ጭስና ሽታ ይኖረዋል፣ ይጠፋል። 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና ይጥበቁ።

የአዳማ ኮሮላ፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። መጀመሪያ ፒስተንና ፋሻውን፣ ከዚያ ባለ 400ውን አደርጋለሁ። የሙቀት መከላከያው ላሜራ ድሮ ሲቆረጥ አብሮ ጠፍቷል። የግድ ያስፈልጋል?

በያጁ፦

የግድ ነው። ከላይ የወለሉ ምንጣፍና ሽቦ አለ፣ ከታች ደግሞ በበጋ ደረቅ ሣር ላይ መኪና ማቆም አይቀርም፤ ካታላይዘር ሲሠራ ሣር ለማቀጣጠል የሚበቃ ሙቀት አለው። ላሜራው ከካታላይዘሩ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ርቆ ይታሰር፣ መሐሉ አየር ይኑረው። ቢለጠፍበት ከሌለው አይሻልም፣ ሙቀቱን ያስተላልፋል፣ ይንቀጫቀጫልም። ሊፍት ላይ ሲወጣ ከካታላይዘሩ እስከ ፍሬን ቱቦው ያለውን ርቀት ለካና ጻፍልኝ፤ 5 ሴንቲ ካልሞላ በዚያ በኩል ላሜራው ድርብ ይሁን።