ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን ተራሮች፦ ከአባቴ ጋር እንዴት ብንጓዝ ይሻላል?

የጣና ዳር ነዋሪ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። በመጪው ኅዳር ከ66 ዓመት አባቴና ከ14 ዓመት ሴት ልጄ ጋር የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለመጎብኘት ስላሰብኩ የምታውቁትን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አባቴ የተወለዱት ጃናሞራ ነው። በወጣትነታቸው ከመካነ ብርሃን ተነሥተው የቧሂትን ተራራ በመሻገር እስከ ደባርቅ ገበያ በእግር ይመላለሱ እንደነበር ሲነግሩን ነው ያደግነው፤ ወደ ጣና ዳር ከመጡ ወዲህ ግን ያን አገር ዳግመኛ አላዩትም። ባለፈው ሳምንት ካርታ ብዘረጋላቸው መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው መንገዱን ከደባርቅ ጀምሮ ተከተሉና ፓርኩ ውስጥ ያለው የጨነቅ ካምፕ ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን ሳያነሡ ብዙ ቆዩ። ስለዚህ ቢያንስ እስከዚያ ላደርሳቸው እፈልጋለሁ።

የሚያሳስበኝ የደም ግፊት ያለባቸው መሆኑ ነው፤ መድኃኒታቸውን ግን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። ያለን ፈቃድ አራት ቀን ብቻ ነው። በሌሊት ተነሥተን በዚያው ቀን ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳንቃ በር ካምፕ ገብተን ብናድር አንድ ቀን እናተርፋለን ብዬ አስቤ ነበር። ይህ ያስኬዳል?

ከደባርቅ፦

እንኳን ወደ አገራችን ለመምጣት አሰቡ። ጎብኚዎችን በመምራት ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝና ስለ መንገዱ የማውቀውን ልጻፍ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ደባርቅ ያለው አስፋልት ሲሆን ከደባርቅ ወደ ፓርኩ የሚገባው ግን ፒስታ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ከተማ ውስጥ ስለሚገኝ የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመውም፣ አብሯችሁ የሚሄደው ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) የሚመደበውም እዚያው ነው። ያለ ስካውት መግባት አይፈቀድም። ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ቀን የመንገዱን ጸጥታ በስልክ አረጋግጡ፤ ይህን ለሁሉም ሰው የምናገረው ነው።

ኅዳርን መምረጥዎ ጥሩ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ስለሚነሣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ እስከ ታች ቆላው ድረስ ማየት ይቻላል። ብርዱ ግን እንደ ባሕር ዳር ብርድ አይደለም፤ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ጠዋት በጀሪካን ያደረ ውኃ ላዩ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ለአባትዎ ጋቢ ብቻ አይበቃቸውም፤ ወፍራም ካፖርት፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት ይጨመርበት።

አባትዎ የሚያውቁት የእግር መንገድ ዛሬ መኪና ይሄድበታል። ከጨነቅ ተነሥቶ የቧሂትን በር አልፎ ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። በሩ ላይ፣ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ከታች የመሸሃን ሸለቆ፣ ከማዶ ደግሞ ራስ ዳሸንን ያያል። የጃናሞራ ሰው ጨነቅ ድረስ መጥቶ ያንን ሳያይ ቢመለስ እኔን በግሌ ያሳዝነኛል። ፓርኩ ውስጥ ስለነበረው የግጭ መንደርም ከጠየቁዎት ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ መዛወራቸውንና መንደሩ ዛሬ ሰው የማይኖርበት መሆኑን አስቀድመው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ እዚያ ደርሰው ድንገት እንዳያዝኑ።

ነርሷ፣ ከባሕር ዳር፦

በሌሊት ተነሥቶ በዚያው ቀን ሳንቃ በር የማደሩን ሐሳብ እባክዎን ይተዉት። ይህን የምለው ደርሶብኝ ስላየሁት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከባሕር ዳር ተነሥተን አመሻሽ ላይ ሳንቃ በር ደረስን። ወንድሜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ ኳስ የሚጫወት፣ ታሞ የማያውቅ ልጅ ነው። እራት አልበላም አለ፤ እኔም የመንገድ ድካም ነው ብዬ ዝም አልኩ። እኩለ ሌሊት ላይ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት፤ እስኪነጋም ሦስት ጊዜ አስመለሰው። ጠዋት ወደ ደባርቅ ስናወርደው ከሰዓት በኋላ ምግብ ጠየቀ። የሙያው ሰው ሆኜ የከፍታ ሕመም ምልክት መሆኑን በጊዜ አለማወቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

የጣና ዳር ከፍታ 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ሳንቃ በር 3,250 ሜትር፣ ጨነቅ ደግሞ 3,620 ሜትር ነው። አየሩ ከፍ ባለ ቁጥር ስለሚሳሳ ሰውነት በአንድ እስትንፋስ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ይህን ለመልመድም ቀናት ይፈልጋል። ወሳኙ ቀን ላይ የወጡበት ከፍታ ሳይሆን ያደሩበት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር የበለጠ እንዳይጨምር ይመከራል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እደሩ። በሁለተኛው ቀን ሳንቃ በር ግቡና የጅንባርን ፏፏቴ ቀስ ብላችሁ አይታችሁ እዚያው እደሩ። በሦስተኛው ቀን በመኪና ጨነቅ ደርሳችሁ ለማደር ወደ ሳንቃ በር ተመለሱ። በዚያ ቀን ጠዋት አባትዎ ራስ ምታት ከሌላቸውና ምግብ ከበሉ እስከ ቧሂት በር በመኪና ወጥተው ለጥቂት ጊዜ ቆመው ቢመለከቱ አልቃወምም፤ ራሳቸውን ካመማቸው ግን ጨነቅም ይቅር። በተቀመጡበት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ እርምጃቸው ከተንገዳገደ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ ሌሊትም ቢሆን ሳይጠብቁ ወደ ታች ያውርዷቸው።

በመድኃኒት በደንብ የተያዘ የደም ግፊት ብቻውን ከጉዞ አያስቀርም። ሆኖም ከፍታው ራሱ ግፊትን ሊጨምር ስለሚችል ከመሄዳቸው በፊት የሚከታተላቸውን ሐኪም ያማክሩ፤ የግፊት መለኪያውንም ይዘው ይሂዱ።

የአንዲት ተማሪ እናት፦

ለልጅዎ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ብቻ ይበቋታል። ሳንቃ በር አካባቢ በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ሰው አጠገባቸው ቢያልፍ እንኳ ቀና አይሉም። ጣታቸው ሲፈጥን፣ ሣሩም ሲነቀል ጭር ጭር ሲል ይሰማል። እንጀራ ወይም ብስኩት እንዳትሰጣቸው አስቀድመው ይንገሯት፤ የሰው ምግብ የለመደ መንጋ የገበሬ ማሳ ውስጥ ይገባል። ዋልያን ለማየት ጨነቅ በማለዳ መድረስ ይኖርባችኋል። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚህ ብቻ መሆኑን ሳስረዳት ልጄ ከገደሉ አፋፍ ለመነሣት እምቢ ብላኝ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆይቷል፤ ከምክንያቶቹ አንዱም የዋልያ ቁጥር ማሽቆልቆሉ ነበር። ይህንንም ብትሰማ ደስ ይለኛል።

የጣና ዳር ነዋሪ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እህቴ ነርሷን በተለይ። የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ እናድራለን፤ አባቴም ሐኪማቸውን ለማየት ማክሰኞ ቀጠሮ ይዘዋል። የቧሂትን በር ነገር ስነግራቸው በዚያ በኩል ሲያልፉ ነፋሱን ተከልለው በሶ የሚበጠብጡበት አንድ ትልቅ ድንጋይ እንደነበር ነገሩኝ፤ እሱን ፈልጌ አሳይሻለሁ ብለው ለልጄ ቃል ገብተውላታል። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ወደ ጅንባር የሚወስደው የእግር መንገድ ቢከብዳቸው በቅሎ ይገኛል?

ከደባርቅ፦

ይገኛል። በቅሎው ከነሳቢው የሚከራየው ደባርቅ ስለሆነ ስካውት ሲመደብላችሁ አብራችሁ ጠይቁ፤ እንስሳው በእግር ሳንቃ በር መድረስ ስላለበት ባለቤቱ ቀድሞ እንዲያውቅ ያስፈልጋል። ፏፏቴው የሚታይበት የገደል ጠርዝ ጠባብ ነውና እዚያ ሲቃረቡ ግን አባትዎ ከበቅሎው ወርደው፣ እጃቸውን ይዘዋቸው በእግር ይሂዱ።